ዶሮ እርባታ ለብቻ ይሻላል ወይስ ከጎረቤት ጋር?

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ፣ ቱሉ ዲምቱ ነኝ። 200 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። ሁለት ጎረቤቶቼም ያረባሉ፣ መኖ አብረን እንግዛ እያሉኝ ነው። እኔ ግን በሽርክና አንዴ ተቃጥያለሁ። ብቻዬን ብቀጥል ምን ይቀርብኛል?

መልስ 1፦ ብዙ ነዋ! አንዷ ጣይ በቀን 120 ግራም አካባቢ ትበላለች፣ ያንተዎቹ 24 ኪሎ መሆኑ ነው፣ ስለዚህ አንድ ኩንታል አራት ቀን ቢቆይልህ ነው። ሦስታችሁ በአንድ አይሱዙ ብታስጭኑ ኪራዩን ትካፈላላችሁ።

መልስ 2፦ ከመኖው በላይ ክትባቱን አስብ። የፈንግል ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ነው የሚመጣው፣ ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። እኛ ለገጣፎ አራት ቤት ሆነን በአንድ ቀን ነው የምንከትበው። ጎረቤትህ ካልከተበ ደግሞ በሽታው አጥር አያግደውም እኮ።

መልስ 3፦ ሽርክና አታድርጉት። ዶሮው የየራሳችሁ፣ መኖው ብቻ የጋራ። ብሩ ቀድሞ ይዋጣ፣ ደረሰኙ በቴሌግራም ለሁሉም ይላክ። እኔ የተጣላሁት "በኋላ እሰጥሃለሁ" ካለኝ ሰው ጋር ነው (ወንድሜ ነው ደግሞ!)።

ጠያቂ፦ ሁዳዴ ላይ እንቁላሉ ሲቆለልብኝስ?

መልስ 2፦ እሱ ሦስታችሁንም ያገኛችኋል 😄 ቢያንስ ከአሁኑ አብራችሁ ሆቴል አነጋግሩ፣ በቋሚነት ብዙ የሚያቀርብላቸውን ነው የሚፈልጉት።

ጠያቂ፦ እሺ፣ እሁድ ቡና ላይ አነሳላቸዋለሁ።