ፓርት ታይም ለሚመጡና ለፕሪስኩል ልጆች ስንት ታስከፍላላችሁ?

ጥያቄ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ)

እህቶቼ እንደምን ሰነበታችሁ። ቤቴ ውስጥ ዴይኬር (የሕፃናት ማቆያ) ከከፈትኩ 5 ወሬ ነው። ላይሰንስ አለኝ። እስካሁን ሦስት ልጆች ይዣለሁ። አንዱ 8 ወሩ ነው፣ አንዷ 13 ወሯ፣ ሦስተኛዋ በሚቀጥለው ወር 2 ዓመት ይሞላታል። የራሴም ልጅ 4 ዓመቱ ነው፤ ከነሱ ጋር ሲጫወት ይውላል። ሦስቱም ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን ስለሚመጡ ዋጋ ላይ አልተቸገርኩም። ለሁሉም በሳምንት 325 ዶላር አልኩ፣ አለቀ።

በዚህ ሳምንት ግን ሁለት ሰው ደወለልኝ። አንዷ ያገራችን ልጅ ናት፣ ነርስ ነች። ልጇ 2 ዓመት ተኩል ነው። የምትሠራው ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ስለሆነ ሦስት ቀን ብቻ ያዥልኝ አለች። “325ን ለአምስት አካፍዪና በሦስት አባዢው፣ 195 ይመጣል” ብላ ሒሳቡንም ራሷ ሠራችልኝ። የአገሬ ልጅ ስለሆነች ይሉኝታ ያዘኝና “እስቲ ላስብበት” ብቻ አልኳት። ሌሎቹ ፈረንጅ ባልና ሚስት ናቸው። ልጃቸው 4 ዓመቷ ነው። በየቀኑ፣ ግን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 እስከ 7 ሰዓት ብቻ ትምጣ ይላሉ። ግማሽ ቀን ስለሆነ ግማሽ ዋጋ፣ 160 ዶላር አሉኝ።

ቦታው ያለኝ ይመስለኛል። እዚህ ልጅ በዕድሜው በነጥብ ነው የሚቆጠረው፤ የተፈቀደልኝ 16 ነጥብ ነው። ሦስቱ ልጆች 11 ይወስዳሉ፣ አዲሶቹ ሁለት ሁለት ናቸው፣ ድምሩ 15። ዋጋው ላይ ግን ግራ ገባኝ። እናንተ ፓርት ታይም እንዴት ነው የምታስከፍሉት? ለፕሪስኩል፣ ማለትም ኪንደርጋርተን ላልደረሰ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅስ ከሕፃን ይቀንሳል? ባሌ “የመጣውን ተቀበዪ” ይላል፤ እኔ ደግሞ ዛሬ የቆረጥኩት ዋጋ ለዓመታት ተከትሎኝ እንዳይሄድ እፈራለሁ።

መልስ፦ የስፕሪንግፊልድ እናት (በሥራው 11 ዓመት)

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ይሉኝታውን ለጊዜው አስቀምጪና መጀመሪያ ቦታሽን ቁጠሪ። ዋጋው የሚወጣው ከዚያ ነው።

እንደምታውቂው እኛ ቨርጂንያ ውስጥ አንድ ሰው ብቻዋን የምትይዘው እስከ 16 ነጥብ ነው። ከተወለደ እስከ 15 ወር ያለ ልጅ 4 ነጥብ፣ ከ16 እስከ 23 ወር 3፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት 2፣ ከ5 እስከ 9 ዓመት 1 ነጥብ ይይዛል። ጨቅላ ብቻ ብትይዢ በአራት ልጅ ይሞላብሻል። የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ብቻ ቢሆኑ ግን ስምንት ይገባሉ። እንግዲህ የ8 ወሩ ልጅ የሁለት ፕሪስኩል ልጆችን ቦታ ይዞ፣ ዳይፐሩ፣ ጡጦው፣ በእቅፍ ማስተኛቱ ተጨምሮ፣ አንቺ የምትቀበዪው ያው 325 ነው። ለፕሪስኩል ልጅ የሚቀነሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የእኔን ልንገርሽ። እስከ 15 ወር 380 ዶላር፣ እስከ 2 ዓመት 340፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት 300። ፓርት ታይም ከ2 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ብቻ ነው የምቀበለው፤ ሦስት ቀን 225፣ ሁለት ቀን 160። በቀን ሲሰላ ሙሉ ሳምንት የሚመጣው 60፣ ሦስት ቀን የሚመጣው 75፣ ሁለት ቀን የሚመጣው 80 ይከፍላል ማለት ነው። ቀኑ ሲያንስ የቀኑ ዋጋ ይጨምራል። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ የሚመጣ ልጅ ሰኞንና ዓርብን ባዶ ጥሎብሽ ይሄዳል። ሰኞና ዓርብ ብቻ የሚፈልግ ሰው ፈልጊና እዪው፤ እኔ በ11 ዓመት ያገኘሁት ሁለቴ ነው።

የግማሽ ቀኗም እንደዚያው ናት። ከ7 ሰዓት በኋላ ባዶ የሚሆነውን ቦታ የሚሞላልሽ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚወርድ ልጅ ካገኘሽ ጥሩ ነው። ካላገኘሽ ግን የጠዋቱ አራት ሰዓት ቀንሽን በልቶታል። እኔ ብሆን ከሙሉው ዋጋ ሦስት አራተኛውን ነበር የምጠይቀው።

የነባሮቹን ዋጋ አሁን አትንኪ። ኮንትራታቸው ሲያልቅ፣ ከአንድ ወር በፊት በጽሑፍ ነግረሽ አስተካክዪ።

መልስ፦ አናንዴል

እትዬ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ነገር ግን እህቴ፣ ነጥቡ ላይ አንድ ሰው ቀርቶሻል። የራስሽ ልጅ! ከ8 ዓመት በታች የሆነ የቤት ልጅ ይቆጠራል። የ4 ዓመት ልጅሽ 2 ነጥብ ነው። 11 ሳይሆን 13 ላይ ነሽ። ሁለቱን አዲሶች ጨምረሽ ረቡዕ ጠዋት ላይ 17 ትሆኛለሽ። ያኔ ረዳት ግድ ነው።

ይህን የምነግርሽ ራሴ ወድቄበት ነው። በሁለተኛ ዓመቴ ኢንስፔክተሯ ስትመጣ ልጄ ወለሉ ላይ ተኝቶ ሥዕል ይቀባ ነበር። “ይሄስ ልጅ?” አለችኝ። “የኔ ነው” አልኳት፣ ደስ ብሎኝ። ቁጭ ብላ ደመረችና ጻፈችው። የኢንስፔክሽኑ ውጤት ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፤ አዲስ ወላጅ ከመደወሉ በፊት የሚያነበው እሱን ነው። ሁለት ቤተሰብ በዚያ ምክንያት ቀርቶብኛል።

ደግነቱ መፍትሔው ቅርብ ነው። የሦስተኛዋ ልጅ 2ኛ ልደት ሲደርስ 3 ነጥቧ 2 ይሆናል፤ ያኔ ሁለቱም አዲሶች ገብተው ልክ 16 ይሞላል። እስከዚያ የነርሷን ልጅ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ያዢ፣ የፈረንጆቹ ልጅ ደግሞ ሰኞና ዓርብ ጠዋት ብቻ ትምጣ። በየትኛውም ቀን ከ15 አታልፊም። የ13 ወሯም 16 ወር ሲሞላት አንድ ነጥብ ትመልስልሻለች። የልጆቹን ልደት ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፍሪጅ ላይ ለጥፊው። የኔ እዚያ ነው ያለው።

መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሜሪላንድ ሕጉ ሌላ ነው። ነጥብ የለም። በቤት ውስጥ ዴይኬር እስከ 8 ልጅ ይፈቀዳል፤ ሌላ አዋቂ ካልተጨመረ ከ2 ዓመት በታች ያሉት ከሁለት መብለጥ የለባቸውም። ስለዚህ እኔ ጋ ፓርት ታይም ጨቅላ አይታሰብም። ያለችኝ ሁለት ወንበር ናት፣ በሦስት ቀን ልጅ አላስይዛትም።

ትልልቆቹን ግን አጣምራለሁ። አንዱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ሌላው ማክሰኞና ሐሙስ። ሲያምር! ሁለቱ አንድ ቦታ ይሞላሉ። ችግሩ የሚመጣው ወላጅ ቀን ሲቀይር ነው። አንዷ እናት “ማክሰኞ ስላመመው ረቡዕ ላምጣው” ብላ፣ መልሴን ሳትጠብቅ ልጇን በር ላይ አድርሳ ሄደች። ዘጠነኛ ልጅ ሆነብኝ። ቤልትዌይ (አውራ ጎዳናው) ላይ ከደረሰች በኋላ ደውዬ መለስኳት። አለቀሰች፣ እኔም ከፋኝ። ከዚያ ወዲህ ኮንትራቴ ላይ “ቀን አይቀየርም፣ የቀረ ቀን አይካካስም፣ ክፍያው ልጁ ቢመጣም ባይመጣም ነው” የሚል አለ። ስታስፈርሚ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

የምንዘጋባቸውን ቀኖችም እዚያው ጻፊ። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽ ለፈረንጁ አዲስ ነው። ዓመት ሳይጀምር ቀኖቹን ከሰጠሻቸው ማንም አያጉረመርምም። በዋዜማው ከነገርሻቸው ግን ልክ ናቸው ቢቆጡ።

ለፕሪስኩል ልጅ መቀነሱን ግን እኔ ብዙም አልስማማበትም። የ4 ዓመት ልጅ ዳይፐር አይፈልግም፣ እውነት ነው። ግን ያስተምሩኝ ይላል። ፊደል፣ ቁጥር፣ መቀስ፣ ማጣበቂያ፣ ቀለም። ጠዋት ከመምጣታቸው በፊት ዝግጅቱን የምሠራው እኔ ነኝ። ጨቅላ ሲተኛ ታርፊያለሽ፣ የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ቀን አልተኛም ይላል። እኔ ከጨቅላው የምቀንሰው 30 ዶላር ብቻ ነው።

መልስ፦ ወላጅ ነኝ (ፌርፋክስ)

እኔ ዴይኬር የለኝም። ሁለት ልጆቼን ያገራችን ሴት ጋ ነው የማውላቸው፣ ነርስም ነኝ። ስለዚህ የነርሷን ነገር ከውስጥ ልንገርሽ።

“ሦስት ቀን” ስትልሽ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቂያት። የሆስፒታል ፈረቃ አብዛኛውን ጊዜ 12 ሰዓት ነው። መንገዱን ጨምሪበት። እኔ ልጆቼን ገና ሳይነጋ አድርሼ የምወስዳቸው ከመሸ ነው፣ በቀን 13 ሰዓት። በሦስት ቀን 39 ሰዓት! ይህ የሙሉ ሳምንት ሰዓት ሊሆን ምን ቀረው? አንቺ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትከፍቺው፣ የምትዘጊውስ? እኛ ነርሶች ደግሞ ፈረቃችን ይቀያየራል። ዛሬ ማክሰኞ ያለችሽ ከሁለት ወር በኋላ ዓርብ ልትልሽ ትችላለች። ይህን ካልተነጋገራችሁ ትጣላላችሁ፣ ሁለታችሁም ጥሩ ሰዎች ሆናችሁ ሳለ።

እንደ ወላጅ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ደረሰኝ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ታክስ ላይ የልጅ ማዋያ ወጪ የሚጻፍበትን ፎርም 2441ን ስንሞላ የአንቺን ስምና የታክስ ቁጥር ይጠይቀናል። ለአንድ ልጅ እስከ 3,000፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ እስከ 6,000 ዶላር ወጪ ይታሰባል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርሽን መስጠት ካልወደድሽ ኢአይኤን (የሥራ የታክስ ቁጥር) አውጪ፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ በነፃ ነው የሚሰጠው። ቁጥሩን የምትሰጥ ዴይኬር በሳምንት 15 ዶላር ብትበልጥብኝም እሷን እመርጣለሁ፣ ታክሱ ላይ ይመለስልኛልና።

መልስ፦ ዲሲ

የ4 ዓመቷ ልደት መቼ ነው? ቨርጂንያ ውስጥ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 5 ዓመት የሚሞላት ከሆነ ዘንድሮ ኪንደርጋርተን ትገባለች። ስለዚህ ቦታው ለጥቂት ወር ብቻ የተያዘ ነው። ዲሲማ ከ3 ዓመት ጀምሮ ፕሪ ኬ (ከኪንደርጋርተን በፊት ያለው ትምህርት) ነፃ ስለሆነ ኦገስት ባለቀ ቁጥር ትልልቆቹ ከእጄ ይወጣሉ። እኔ ፕሪስኩል የማስከፍለው ትምህርት ቤት ለሚዘጋበት የሰመር ዕረፍትና ከትምህርት በፊትና በኋላ ላለው ሰዓት ነው። ኮንትራቱ ላይ ልጁን ከማስወጣታቸው ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲያሳውቁ (ኖቲስ) አስገቢ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ክፍያ ደግሞ ገና ሲመዘገቡ በዲፖዚት ተቀበዪ።

መንግሥት የልጆቹን ምግብ ወጪ የሚመልስበት ፉድ ፕሮግራም ላይ ከሆንሽ ደግሞ ይህን አስቢ። የሚመለስልሽ ልጁ መጥቶ ለበላው ብቻ ነው፣ በቀን ቢበዛ ሁለት ምግብና አንድ መክሰስ። የሦስት ቀን ልጅ የሦስት ቀን ብቻ ነው የሚያስገባልሽ። ዋጋ ስትቆርጪ እሱንም ደምሪው።

መልስ፦ ዉድብሪጅ

ለምን ሁላችንም ተስማምተን አንድ ዋጋ አንቆርጥም? እንደዚያ ቢሆን ወላጅ አንዷን ከሌላዋ አያጫርትም ነበር።

መልስ፦ የስፕሪንግፊልድ እናት

እህቴ፣ ሐሳብሽ ከድካምሽ የመጣ ነው፣ ይገባኛል። ግን እንዳታደርጊው። ተወዳዳሪ ነጋዴዎች ተስማምተው ዋጋ መቁረጥ በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው፣ ትንሽ የቤት ዴይኬርም ቢሆን። እኔም ከላይ የጻፍኩት የራሴን ነው፤ እንዲህ አስከፍሉ ማለቴ አይደለም። እያንዳንዷ የራሷን ኪራይ፣ ምግብና ድካም ቆጥራ ትወስን።

ለጠያቂዋ ደግሞ፣ ስለ ሰዓቱ የፌርፋክሷ ነርስ እህታችን ያለችው ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም አላሰብኩትም ነበር። የመዝጊያ ሰዓትሽ ካለፈ ክፍያ ይኑረው። እኔ በደቂቃ አንድ ዶላር ነው የማስከፍለው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የራሴን ልጅ አለመቁጠሬን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። ማታውኑ ልደታቸውን ጽፌ ለጠፍኩት።

ከሁለት ቀን በኋላ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ሙሉ ሳምንት 290 አልኩ። ሦስት ቀን 220፣ በየቀኑ ግማሽ ቀን 220። ለነርሷ ደወልኩና መጀመሪያ ሰዓቱን ጠየቅኳት። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው አለች። እኔ ከ1 ሰዓት በፊት አልከፍትም፣ ከ12 ሰዓት በኋላም እዘጋለሁ። “እንደዚያ ከሆነ 265 ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ እከፍትልሻለሁ፣ ማታም እጠብቅሻለሁ” አልኳት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ እንጂ ተናገርኩት። ዝም አለች። ከዚያ “እናቴ እኛ ጋ ናት፣ ጠዋት እሷ ታምጣው፣ ማታም ከ12 በፊት ትውሰደው” አለችኝ። ስለዚህ 220። ሰኞ መጥታ ትፈርማለች፣ ማክሰኞ ልጁ ይጀምራል።

ለፈረንጆቹ እስከ ሦስተኛዋ ልጅ ልደት ሰኞና ዓርብ ጠዋት ብቻ በ95 ዶላር፣ ከዚያ በየቀኑ በ220 አልኳቸው። የነሱ ልጅ ልደት ኖቬምበር ነው፣ ኪንደርጋርተን የምትገባው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ለምን ሁለት ቀን ብቻ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ነጥቡን ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየኋቸው። አባትየው ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ሄደ። እስከ ዓርብ እንነግርሻለን ብለዋል።