የእማዬ ሐሞት በጎኗ በኩል በቱቦ ይወጣል ተባልን፣ ያለፈበት ሰው አለ?

የእናቷ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። እማዬ 67 ዓመቷ ነው፣ ከወር በፊት ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቷ እንደ ኮካ ጠቆረ፣ ሌሊት ሌሊት ማሳከኩ እንቅልፍ ነሳት። የወፍ በሽታ ነው ብለን ቅጠል ስናጠጣት ሁለት ሳምንት አለፈ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሲቲ ስትነሳ የሐሞት ቱቦዋ ከጉበቷ መውጫ ላይ ተዘግቷል፣ ዕጢ ሳይሆን አይቀርም አሉን። በአፍ በሚገባው ካሜራ (ኢአርሲፒ) ሞክረው ማለፍ አልቻሉም፣ አሁን ከጎኗ ጉበቷን በመርፌ ወግተን ቱቦ እናስገባለን፣ ሐሞቱ ውጪ በከረጢት ይጠራቀማል ብለዋል። ጉበት ተወግቶ ይዳናል ወይ? ቱቦውስ ዕድሜ ልኳን ነው?

ሬዚደንቱ፦
እህቴ ምህረቱን ያውርድላት። ራዲዮሎጂ ነው የምማረው፣ ይሄን ሥራ አዘውትሬ አያለሁ። ሲሰማ ያስፈራል ግን መርፌው ቀጭን ነው፣ በአልትራሳውንድ እያዩ ያበጠውን የሐሞት ቱቦ ይወጉታል፣ ኮንትራስት (በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ) ሲረጩበት ስክሪኑ ላይ ቅርንጫፉ እንደተንዠረገገ ዛፍ ወለል ብሎ ይታያል፣ ከዛ ሽቦ ይገባል፣ በሽቦው ላይ ቱቦው። ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ቦታውን በሊዶኬይን ያደነዝዙታል፣ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ አያስፈልግም። አደጋ የለውም አልልሽም፣ መድማትና ኢንፌክሽን አለ። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ቫይታሚን ኬ በደንብ አይመጠጥም፣ ደሟም ለመርጋት ይቸገራል፣ ለዛ ነው አይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ምርመራ) ሳያዩ የማይጀምሩት። አስፒሪን ወይም ዋርፋሪን የምትወስድ ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪያቸው።

ዕድሜ ልክ ላልሽው፣ ሽቦው የተዘጋውን ካለፈ ቱቦው አንጀቷ ድረስ ይገባል፣ ያኔ ከረጢቱ ተነስቶ ሐሞቱ ወደ ውስጥ ሊፈስ ይችላል። በኋላ የብረት ስቴንት (የተዘጋውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ መረብ) ይባል ይሆናል። እሱ ከመግባቱ በፊት ግን በጣም ነው የምለምንሽ፣ ቀዶ ጥገና ይሆንላታል አይሆንላትም የሚለውን የጉበት ሰርጅን አይቶ ይወስን፣ መረቡ በሽፋን ያልተሸፈነው ስቴንት አንዴ ከገባ ማውጣቱ ጭንቅ ነው።

የአባቱ አስታማሚ፦
አባባ ይሄን ቱቦ 7 ወር ይዞት ነበር። ማስገባቱ ሳይሆን ቤት ከመጣችሁ በኋላ ያለው ነው ሥራው፣ እኛን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳንም። በታዘዘላችሁ ልክ ሳላይን (ከፋርማሲ የሚገዛ የጨው ውሃ) በሲሪንጅ ቱቦው ውስጥ ቀስ ብለሽ ታስገቢያለሽ (ለአባባ 10 ሚሊ ነበር)፣ መልሰሽ ግን አትሳቢ። ከረጢቱ ሁሌ ከወገቧ በታች ይሁን። በየቀኑ ስንት ሚሊ እንደወጣ ደብተር ላይ ጻፊ፣ ብዙ ከወጣ ከሐሞቱ ጋር ጨውና ውሃም ነው የሚሄደው፣ በዚህ ምክንያት አባባ ራሱን ስቶ ወድቆብናል። ቆዳዋ ጋ ቱቦው ላይ በማርከር ምልክት አድርጊ፣ ሌሊት ሲገላበጥ ተስቦ ግማሹ ወጥቶ ጠዋት ነው ያወቅነው። በየ2 እና 3 ወሩ ይቀየራል። ካንቀጠቀጣት፣ ካተኮሳት ወይ መፍሰሱ ድንገት ካቆመ እስኪነጋ አትጠብቂ።

ቅድስት ዘሜሪላንድ፦
ነርስ ነኝ። ሌሎቻችሁ እንዳታምታቱት፣ የሐሞት ከረጢት ሲቆጣ የሚገባው ቱቦ ሌላ ነው። እሱ ሰርጀሪ ለማይችል በጣም ለታመመ ሰው ነው። በ2018 የወጣ የሆላንድ ጥናት ላይ አደጋቸው ከፍ ያለ በሽተኞች እንኳን የሐሞት ከረጢቱ በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ በሚሠራ ቀዶ ጥገና) ሲወጣላቸው ከባድ ችግር የገጠማቸው 12 በመቶ፣ ቱቦ የገባላቸው ግን 65 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ አርጅቷል ብቻ ተብሎ ቱቦ ከተባለ ሰርጅኑን ደግማችሁ ጠይቁ።

የእናቷ ልጅ፦
ሁላችሁንም ያክብርልኝ። ዛሬ ጠዋት ገባላት። የወጣው ሐሞት ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ እማዬ አይታው ይሄ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ነበር ወይ አለች። ሳላይኑን ትልቁን ከረጢት ገዝቼ ለሳምንት ብጠቀምበት ችግር አለው?

የአባቱ አስታማሚ፦
አለው፣ ትንሿን ግዢ። አንዴ ከተከፈተ የተረፈውን ድፊው፣ ለነገ አታስቀምጪ።