ለልጃችን ክርስትና የተሰጠች የወርቅ ሳንቲም

የልጁ እናት፣ ኑረምበርግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጃችን በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሣ። ታች ፎቅ የሚኖሩት ጀርመናዊት እናት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በር ላይ ጠበቁንና በነጭ መሐረብ የተቋጠረ ነገር ሕፃኑ መታቀፊያ ውስጥ ሸጎጡ። ማታ ስንፈታው ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ አራት ማዕዘን የወርቅ ሳንቲም! በግ ባንዲራ ይዞ ሉል ላይ ቆሟል፤ ባንዲራው ላይ «ፓክስ» ይላል። ባለቤቴ ወርቅ ገዢ ጋ ቢወስዳት ሰውየው ፊቷን እንኳ ሳያይ ሚዛን ላይ ጥሎ በግራም ዋጋ ጠራ። እንሽጣት? ወይስ ብንመልስላቸው ይሻላል?

20 ዓመት ባቫሪያ፦
እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እንዳትመልሺ፣ ይቀየማሉ! እንዳትሸጪም። ስሟ «ላምዱካት» ነው። (በጀርመንኛ ላም ማለት ግልገል በግ ነው፣ ዱካት ደግሞ የድሮ የወርቅ ሳንቲም፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ላሟን ፈልጌአለሁ።) ኑረምበርግ ራሷን የቻለች ከተማ ሳለች አዲሱን ክፍለ ዘመን ለመቀበል በፈረንጆቹ 1700 ያስመታቻት ናት። «ፓክስ» በላቲን ሰላም ነው፤ የላቲኑ ጽሑፍ አብ ዘመናችንን በሰላም እንዲያቀዳጅ የሚለምን ጸሎት ነው። ሰዉ ለአዲስ ዓመትና ለክርስትና መስጫ አደረጋት። እየተከፋፈለችም፣ እስከ ዱካት 1/32ኛ ድረስ፣ የምስር ፍሬ አክላ ትመታ ነበር።

የድሮ ጀርመኖች የክርስትና አባትና እናት ሳንቲሙን ምርቃት በተጻፈበት ወረቀት ጠቅልለው ሕፃኑ መጠቅለያ ውስጥ ይቋጥሩት ነበር። «አይንገቢንደ» ይሉታል፣ ቋጠሮ እንደማለት። እኚህ እናት በእኛ ሥርዓት የክርስትና እናት ሊሆኑ አይችሉም፤ መሐረቧን ግን በከንቱ አልቋጠሯትም።

ሐኖቨር ያለሁ፦
ተስፋ አትቁረጡ እንጂ ቅጂም ሞልቷል። ቅርጹ ለብዙ ዓመት ስለተመታ 1700 የሚለው ዓመት ብቻውን ዕድሜዋን አይነግራችሁም። ሙሉ ዱካት 3.5 ግራም ገደማ ይመዝናል። ወርቅ ገዢውን ተዉትና የድሮ ሳንቲም ነጋዴ ጋ ሂዱ። በሎሚም በሳሙናም እንዳታሹት! ማንጠልጠያ አስበይዶ አንገት ላይ ማሰር የሚባለውንም እርሱት፣ ሰብሳቢ አይነካትም።

የልጁ እናት፦
አመሰግናለሁ። ማንጠልጠያው ላይ ግን ዘግይተናል፤ ጫፏ ላይ የብየዳ ጠባሳ አለ። ዛሬ ቡና ጠርቼ ስጠይቃቸው ሳቁ። ለእሳቸው ክርስትና የተሰጠች ናት፣ ትምህርት ቤት እስኪገቡ አንገታቸው ላይ ነበረች።