ያልተሸፈነ ካርታ በአዳዩ እጅ ሲጠፋ ከሳሪው ማን ይሁን?

ጠያቂው፦
ለክርክር የሚሆን ጉዳይ አለኝ። በካዚኖ ውስጥ ቴክሳስ ሆልደም የተባለውን የፖከር ዓይነት እየተጫወቱ ነው እንበል፤ ውድድር ሳይሆን የገንዘብ ጨዋታ። ከአዳዩ፣ ማለትም ካርታ ከሚያድለው የካዚኖ ሠራተኛ፣ አጠገብ የተቀመጠው ተጫዋች ሁለት ንጉሥ ደርሶታል። በገንዘብ ፋንታ የሚያገለግለውን ቺፕ በሙሉ ወደ መሀል ገፋ፤ አንድ ተጋጣሚም እኩል ከፍሎ ገባ። ባለ ንጉሦቹ ካርታዎቹን እንደ ተደፉ ከፊቱ ትቶ፣ እጆቹን አጣምሮ ይጠብቃል። አዳዩ ሌሎቹ የጣሏቸውን ካርታዎች ሲሰበስብ የእርሱንም አብሮ ጠርጎ ከክምሩ ጋር ቀላቀላቸው። ተቆጣጣሪው ተጠርቶ «እጁ (የያዘው ካርታ) ሞቷል፣ ገንዘቡም አይመለስም» ሲል ፈረደ። ያጠፋው አዳዩ፣ የተቀጣው ተጫዋቹ! ይህ ፍትሕ ነው ትላላችሁ?

ሕግ አጥባቂው፦
ፍትሕ መሆኑን እንጃ፣ ሕግ መሆኑን ግን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው የፖከር ውድድር ዳይሬክተሮች ማኅበር ደንብ፣ ተጫዋች ምን ጊዜም እጁን መጠበቅ አለበት ይላል። አዳዩ በስህተት ካርታውን ቢገድልበት ካሳ የለውም፤ ተጋጣሚ እኩል የከፈለበት ውርርድም አይመለስለትም። የሚመለስለት ማንም ሳይቀበለው የቀረ ውርርድ ወይም ጭማሪ ብቻ ነው። በገንዘብ ጨዋታም አብዛኞቹ ካዚኖዎች የሚሠሩት በዚሁ መንፈስ ነው። አንተ ባቀረብከው ጉዳይ ተጋጣሚው እኩል ከፍሏል፤ ስለዚህ ነገሩ አበቃ።

ጠያቂው፦
ደንቡን ማን ጻፈው? ዳይሬክተሮቹ። አዳዩን ማን ቀጠረው? ካዚኖው። ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ይቀመጥና ጥፋቱን በደንበኛው ላይ ይደፈድፋል!

የቀድሞ አዳይ፦
በሥራው ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ ከወንበሬ የሚታየኝን ልናገር። አዳይ በሰዓት 30 ያህል ዙር ያስተናግዳል። ካርታ የሚሰበስበው በዓይኑ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዓይኑ ያለው መሀል ባለው ገንዘብና ተራው በደረሰው ሰው ላይ ነው። መዳፉ ግን ከጠረጴዛው ጥግ ጀምሮ እየጠረገ ይመጣል። በግራና በቀኙ ያሉት ሁለት ወንበሮች የዚህ መዳፍ መንገድ ላይ ናቸው። ተደፍተው ወደ ፊት የተገፉ ሁለት ካርታዎች የተጣሉ ይሁኑ ያልተጣሉ በምን ይለያሉ? በምንም። አንዲት ቺፕ በላያቸው ብትኖር ግን ጣት ሲነካት እጅ በራሱ ይቆማል።

ጥፋቱ የአዳዩ አይደለም አልልም። የሙያ ስህተት ነው፤ እንዲህ ያጠፋ አዳይ በኃላፊው ዘንድ የሚጠየቅበት ነው። ጥያቄው ግን ስህተቱ ከተፈጸመ በኋላ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ የሚለው ነው።

ጠያቂው፦
እርስዎ ካሉ እሺ፣ ከወንበርዎ የሚታየውን ተቀበልኩ። ታዲያ ገንዘቡ ለምን ወደ ባለቤቱ አይመለስም?

የቀድሞ አዳይ፦
እንዲመለስ ቢፈቀድ ሰው ምን እንደሚያደርግ አስብ። ያለውን ሁሉ አስገብቷል፤ ተጋጣሚው ደግሞ ዓይኑን ሳያሽ ተቀበለው። መሸነፉን ጠረጠረ። ካርታዎቹን በክርኑ ገፋ አድርጎ ወደ ክምሩ ቢያስጠጋቸው፣ አዳዩም ቢወስዳቸው ገንዘቡ ይመለስለታል ማለት ነው። «ሁለት ንጉሥ ነበረኝ» የሚለውንስ ማን ያረጋግጣል? ካርታዎቹ ተደፍተው ነበር፤ የጣሪያው ካሜራ ጀርባቸውን እንጂ ፊታቸውን አያይም። ካሳ የከለከለው ደንብ ጨካኝ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ካርታዎቹ ከክምሩ ጠርዝ ላይ ቀርተው እነማን እንደሆኑ ያለ ጥርጥር የሚለዩ ከሆነ፣ ተቆጣጣሪው ለጨዋታው ይበጃል ብሎ ሊያስመልሳቸው የሚችልባቸው ቤቶች አሉ። ስለዚህ ተጫዋቹ መጮህ ያለበት በዚያው ቅጽበት ነው። አዳዩ አንድ ጊዜ ከበወዘ ወዲያ ጩኸት ዋጋ የለውም።

ባለ ጥግ ወንበሯ፦
እኔ ሁልጊዜ ከአዳዩ ጎን ጥግ መቀመጥ እወዳለሁ፤ ስለዚህ ነገሩ የእኔም ነው። መሸፈኛ ማስቀመጥ ምን ይከብዳል? እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ዋናውን ውድድር ያሸነፈው ግሬግ ሬመር በካርታዎቹ ላይ የጥንት እንስሳት ቅሪተ አካል ድንጋይ ነበር የሚያስቀምጠው። ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ድንጋይ ይሁን ቺፕ ለአዳዩ ልዩነት የለውም።

ይልቅስ እኔን የሚያናድደኝ በመጨረሻ አሸናፊውን ለመለየት ካርታ ሲገለጥ የሚሠራው ተንኮል ነው። አንዱ «ፍላሽ (አምስት ባለ አንድ ዓይነት ምልክት ካርታ) አለኝ» ይላል፤ ሌላው አምኖ ካርታውን ወደ አዳዩ ይወረውራል። ከዚያ ፍላሽ የተባለው ሲገለጥ ባዶ ጥንድ ሆኖ ይገኛል። ይህ ስርቆት ነው!

ሕግ አጥባቂው፦
ስርቆት ሳይሆን ሞኝነት ነው፤ የሞኙም ሞኝነት የራሱ ነው። አፍ አያሸንፍም፣ የሚያሸንፈው ተገልጦ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ካርታ ነው። ባለቤቱ ራሱ «ጥንድ ብቻ ነው ያለኝ» ብሎ ቢሳሳትና የተገለጠው ካርታ ከዚያ ቢበልጥ እንኳ ገንዘቡ የእርሱ ነው። በሌላ በኩል፣ ካርታህን ሳትገልጥ ከወረወርክ አንተው ራስህ ገደልከው።

ባለ ጥግ ወንበሯ፦
በደንቡ እስማማለሁ፤ ስለ ሰውየው ግን አይደለም። ሆን ብሎ የሌለውን እጅ የጠራን ሰው ተቆጣጣሪው ሊያስጠነቅቀው፣ ከደጋገመም ከጠረጴዛው ሊያስነሳው ይገባል። «አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም» እየተባባሉ አዳዩን የሚያስጠብቁትም አሉ። ተራው እኮ ግልጽ ነው፦ በመጨረሻው የውርርድ ዙር የመጨረሻውን ውርርድ ወይም ጭማሪ ያደረገው ይቀድማል፤ ማንም ካልተወራረደ በአዳይ ምልክቷ (ከተጫዋች ወደ ተጫዋች በምትዞረው ክብ ምልክት) በስተግራ ካሉት የመጀመሪያው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይበገር እጅ ይዞ፣ ተሸናፊው ገንዘቡን ሊሰበስብ እጁን እስኪዘረጋ ዝም ብሎ ቆይቶ የሚገልጠው ነው። በደንብ የተከለከለ ላይሆን ይችላል፤ እኔ ግን ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር ሁለተኛ አልጫወትም።

ጠያቂው፦
ካርታውን ሳይገልጥ የጣለ ተሸናፊን «አሳየን» ማለትስ ነውር ነው? እኔ ገንዘቤን ከፍዬ የገባሁ ሰው የማየት መብት ያለኝ ይመስለኛል።

የቀድሞ አዳይ፦
በመጨረሻው የውርርድ ዙር ውርርዱን እኩል ከፍለህ፣ ካርታህንም ሳትጥል ከያዝክ፣ የተወራረደብህን ሰው እጅ የማየት መብትህን የውድድሩ ደንብም ያውቅልሃል። ከዚያ ውጪ ያለው ጥያቄ በተቆጣጣሪው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ልማዱ የመጣው ተመሳጥረው የሚጫወቱ ሰዎችን ለመያዝ ነው፤ ሁለት ሰዎች በመሀላቸው የገባን ሦስተኛ በጭማሪ እያስጨነቁ ካስወጡት በኋላ አንዱ ዝም ብሎ ሲጥል ምን ይዞ እንደነበር መታየት አለበት። ሰው አስፈራርቶህ እንደሆነ ለማወቅ ብቻ በየዙሩ «አሳየኝ» ብትል ግን ጠረጴዛው ሁሉ ይጠላሃል።

ጠያቂው፦
ይሁን፤ መሸፈኛውን ተቀብያለሁ፣ የካሳውንም ምክንያት ተረዳሁት። በአንዱ ግን አልተረታሁም። ካዚኖው ከእያንዳንዱ ዙር ድርሻውን ይቆርጣል። አዳዩ እጅ በገደለበት ዙር ያንን ድርሻ እንኳ ለምን አይተወውም? ለዚህ የተመሳጠረ ሰው ሰበብ አይሆንም፤ ከቤቱ ኪስ የሚወጣ ነውና።

ሕግ አጥባቂው፦
ለዚህ መልስ የለኝም።