የመጀመሪያ የቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ፦ በልጆቼ አሮጌ ልብስ ልጀምር?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ልጆቼ ለብሰው ያደጉባቸውን ልብሶች መጣል አልሆነልኝም፤ በከረጢት ታጭቀው ቁም ሳጥኑን አጣበውታል። አሁን ትልቋ ልጄ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው። ልብሶቹን ቆራርጬ በመገጣጠም፣ በዚህ አገር ኩዊልት የሚሉትን ዓይነት ብርድ ልብስ ሠርቼ ልሰጣት አስቤያለሁ። ከቁልፍ መትከልና የሱሪ ጫፍ ከመቀምቀም ያለፈ የስፌት ልምድ የለኝም። የስፌት መኪናም የለኝም፤ ብገዛ እንኳ የምንኖረው በጋራ ሕንጻ ስለሆነ ማታ ማታ ድምፁ ጎረቤት ያስቆጣል። የሞከራችሁት ካላችሁ ከምን ልጀምር?

መልስ

እህቴ፣ ሐሳብሽን ወድጄዋለሁ፤ መቀሱን ግን ለጊዜው ከእነዚያ ልብሶች አርቂው። የተቆረጠ ልብስ አይመለስም፤ የመጀመሪያው ሥራ ደግሞ እጅ ማፍታቻ ነው። በዚያ ላይ የልጆች ልብስ ለጀማሪ ከሚያስቸግሩት ጨርቆች ሁሉ የባሰ ነው። ካናቴራው ይለጠጣል፣ ጂንሱ ይወፍራል፣ ፖሊስተር ያለበት በጋለ ካውያ ይኮማተራል። እነዚህን ባንድ ላይ መስፋት ልምድ ላለውም ፈተና ነው።

ስለዚህ ከልብሶቹ በፊት በተራ የጥጥ ጨርቅ አንድ ትንሽ ሥራ ጨርሺ። ለአልጋ የሚሆን ትልቅ ሳይሆን ለጉልበት የሚሆን ይሁን። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ባለ 5 ኢንች አራት ማዕዘን፣ ስምንት ወደ ጎን፣ አሥር ወደ ታች ነው። ሲሰፋ እያንዳንዱ ቁራጭ 4 ኢንች ተኩል ስለሚሆን ጠቅላላው ወደ 91 በ114 ሳንቲሜትር ይመጣል። ይህን መጠን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የጥጥ ጨርቅ ወርዱ አብዛኛውን ጊዜ 110 ሳንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ አንድ ሜትር ተኩል ብትገዢ ሳትቀጥዪ ገበሩ፣ ማለትም የጀርባው ጨርቅ፣ ይወጣልሻል። የላይኛውም ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይበቃዋል፤ ከተለያዩ ጨርቆች ሲሰበሰብ ትንሽ ጨምሪበት።

ቀለም ስትመርጪ ዓይንሽን ብቻ አትመኚ። ጨርቆቹን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ሥራው ሲያልቅ ከሩቅ ደብዛዛ ሆኖ ይታያል። ፈዛዛም ደማቅም ሊኖርሽ ይገባል።

አሁን ዋናው ነገር። ከጨርቁ ጠርዝ እስከ ስፌቱ መስመር ያለው ርቀት፣ ማለትም የስፌት ህዳጉ፣ ሩብ ኢንች ነው፤ 6 ሚሊሜትር አካባቢ ማለት ነው። ለጀማሪ ከቀለምም ከንድፍም በላይ ይህ ይበልጣል እላለሁ። ህዳግሽ በ1 ሚሊሜትር ብቻ ቢሰፋ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚወስድ በአንድ ስፌት 2 ሚሊሜትር ታጫለሽ። በአንድ ረድፍ ሰባት ስፌት አለ፤ 14 ሚሊሜትር ሄደ ማለት ነው። ቀጣዩን ረድፍ በትክክል ብትሰፊው ሁለቱ አይገጥሙም፤ አንዱን እየጎተትሽ ስታስገጥሚው መሐሉ ይሸበሸባል። በመኪና የምትሰፊ ከሆነ ከመርፌው 6 ሚሊሜትር ለክተሽ በመኪናው ጠረጴዛ ላይ ቀለም ያለው ተለጣፊ ፕላስተር ለጥፊና የጨርቁን ጠርዝ በዚያ አስታኪው። በእጅ ከሆነ በጨርቁ ጀርባ በእርሳስና በማስመሪያ መስመር አስምሪ።

ስትቆርጪ የድሩንና የማጉን አቅጣጫ ተከተይ። ሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ በእጅሽ ውስጥ ይለጠጥና አራት ማዕዘኑ አራት ማዕዘን መሆኑ ይቀራል። እንደ ትንሽ ጎማ የሚሽከረከር ክብ ምላጭ አለ፤ ለጀማሪ የሚመቸው ባለ 45 ሚሊሜትሩ ነው። ከሥሩ የመቁረጫ ምንጣፍ፣ ከላዩ ወፍራም የፕላስቲክ ማስመሪያ ይፈልጋል። በጣም ስለታም ስለሆነ ከእጅሽ ባስቀመጥሽው ቁጥር መዝጋትን ልማድ አድርጊው፤ በተለይ ልጅ ባለበት ቤት።

ካውያውን ደግሞ አጠገብሽ አድርጊ። እያንዳንዱ ስፌት ሲያልቅ ተጭነሽ አንሺው እንጂ እንደ ሸሚዝ ወዲያና ወዲህ አትግፊው፤ መግፋት ጨርቁን ያጣምመዋል። የአንደኛውን ረድፍ ህዳጎች ሁሉ ወደ ቀኝ፣ የሁለተኛውን ወደ ግራ አጥፊያቸው። ረድፎቹን ስታገናኚ ተቃራኒ እጥፋቶቹ እርስ በርስ ስለሚቆላለፉ ማዕዘኖቹ ራሳቸው ይገጥማሉ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ስፒል መጠቀም በእጅጉ ቀንሻለሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ንብርብር ነው። ገበሩ ከታች ተገልብጦ፣ መሐል ባቲንግ የሚባለው የጥጥ ንጣፍ፣ ከላይ የሰፋሽው። ገበሩና ንጣፉ በየጎኑ 7 ሳንቲሜትር ያህል ይትረፉ። ገበሩን መሬት ላይ በፕላስተር ወጠር አድርገሽ ለጥፊው፤ ከዚያ ሦስቱንም በየመዳፍ ስፋቱ በመርፌ ቁልፍ ያዣቸው። ከመሐል ጀምረሽ ወደ ዳር ሂጂ፤ ከዳር ከጀመርሽ ጭምድዱ መሐል ላይ ይሰበሰባል። ሦስቱን አንድ የሚያደርገው ስፌትም ከመሐል ይጀምራል። ለጊዜው የአራት ማዕዘኖቹን መገናኛ መስመር መከተል ይበቃል። በንጣፉ ማሸጊያ ላይ ስፌቶቹ ቢበዛ ምን ያህል መራራቅ እንደሚችሉ ተጽፏል፤ እሱን አክብሪ፤ አለዚያ ሲታጠብ ንጣፉ ውስጥ ለውስጥ ይሸሻል።

ለጠርዙ 6 ሳንቲሜትር ተኩል ስፋት ያላቸው አምስት ቀጫጭን ጨርቆች ከሙሉ ወርድ ቆርጠሽ ቀጥያቸው፤ ለሁለት አጥፈሽ ዙሪያውን ትሰፊዋለሽ። እዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም፤ ቪዲዮ አይቶ መማር ይሻላል።

ስለ መኪናው፦ አንዳንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የማህበረሰብ ማዕከላት የስፌት መኪና አላቸው፤ በአካባቢሽ ጠይቂ። ኩዊልት የሚሠሩ ሰዎች በየሳምንቱ የሚገናኙባቸው ቡድኖችም አሉ። ቋንቋው ገና ላልገራው ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም፤ ወሬው ቢያልፍሽም እጃቸውን እያየሽ ትማሪያለሽ።

ሌላ መልስ

ከላይ የጻፈችው እህታችን ሥራውን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ሆኖም ጀማሪዋን በ1 ሚሊሜትር እንዳታስፈራራብን እሰጋለሁ። በአላባማ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ለትውልዶች ያረጀ የሥራ ልብስ እየቆራረጡ ብርድ ልብስ ሲሠሩ ኖረዋል። መስመራቸው ይጣመማል፣ ማዕዘናቸው ይንሻፈፋል፤ የሱሪ ጉልበት ላይ የነበረው የጨርቅ መንጣት እንኳ ሳይሰወር ይታያል። ሥራቸው በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ለእይታ ቀረበ፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አተመበት። አሮጌ ልብስ ለጀማሪ አይሆንም የሚለውን ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም።

መኪና የሌለውም ሰው ቢሆን መርፌ አለው። እኔ ሁሉንም የምሠራው በእጅ ነው። ወጣ ገባ የሆነ ተራ ስፌት፣ በየጥቂት ርዝመቱ አንድ የኋላ ስፌት፣ ማለትም መርፌውን ወደ ኋላ መልሶ የሚወጋ ስፌት፣ እየጨመሩ መሄድ ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ድምፅ ግን የለውም፤ በባቡርም በሆስፒታል ወረፋም ይሠራል።

መልስ ለላይኛው

ወንድሜ፣ የጂስ ቤንዶቹን ሥራ አደንቃለሁ፤ ነገር ግን እነዚያ ሴቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ ከእናቶቻቸው ሥር ሆነው የተማሩ ናቸው። መስመሩን የሚያጣምሙት አውቀው ነው። በእጅ መሥራቱን በተመለከተ ግን ልክ ነህ፤ በጋራ ሕንጻ ለሚኖር ሰው ይህ ይሻላል።

ጠያቂዋ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በእጅ ልጀምር ወስኛለሁ፤ መጀመሪያ በአዲስ ጥጥ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ጨርቁን ከመቁረጤ በፊት ልጠበው? ወደ ልብሶቹ ስደርስስ የሚለጠጡትን ካናቴራዎች ምን ላድርጋቸው?

መልስ

በማጠቡ ላይ ሰዎች አይስማሙም። ያልታጠበ ጨርቅ ጠንከር ያለ ስለሆነ ለመቁረጥ ይመቻል፤ በኋላ ሲታጠብ ከጥጡ ንጣፍ ጋር ትንሽ ስለሚሰበሰብ ያ የምናውቀው ሽብሽብ መልክ ይመጣል። እኔ ግን ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ካለበት አስቀድሜ አጥባለሁ፤ ቀለሙ ነጩ ላይ ከፈሰሰ ማስለቀቁ ከባድ ነው። ካጠብሽ ሁሉንም እጠቢ፤ ግማሹን ብቻ ካጠብሽ እኩል አይሰበሰቡም። አሮጌዎቹ ልብሶች ብዙ ጊዜ ስለታጠቡ በዚህ በኩል ችግር የለባቸውም።

ለካናቴራዎቹ ከኋላቸው በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ስስ ማጠንከሪያ ጨርቅ አለ፤ የማይለጠጠውን ዓይነት ምረጪ። መጀመሪያ ካናቴራውን ከምትፈልጊው መጠን አስፍተሽ ቁረጪ፣ ማጠንከሪያውን አጣብቂ፣ ከዚያ በትክክለኛው ልክ ቁረጪው። ሥዕል ወይም ጽሑፍ የታተመበት ከሆነ ካውያውን በቀጥታ አታሳርፊበት፤ ከላዩ ሌላ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። ቁራጮቹንም ከ5 ኢንች አሳድጊያቸው፤ ወፋፍራም መገናኛዎች ሲያንሱ እጅሽም መርፌሽም ይተርፋል። ልጅሽ የምትሄድበት ቀን ከደረሰና ካልጨረስሽ፣ የመጀመሪያውን የጥጡን ስጫትና የልብሱን በዕረፍቷ ስትመጣ አድርሺላት።