ወላጁ ፕሮሰስ ማንበቡን አላቆም አለኝ፣ እባካችሁ አግዙኝ

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ ሲ ፕሮግራሚንግ እየተማርኩ ነው። ከእኛ እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብዬ የአንድ ፓኬት መዘግየት የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፍኩ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚሄድ ጉዞው 0.65 ሚሊሰከንድ ነው። 1,500 ባይት በ10 ሜጋ ቢት መስመር ለመልቀቅ ደግሞ 1.2። ድምሩ 1.85። መጀመሪያ ዜሮ እያወጣ አስቸግሮኝ ነበር፤ ለካ ኢንትን ለኢንት (ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር) እያካፈልኩ ነው። ደብል (ነጥብ የሚይዝ ቁጥር) ሳደርገው ተስተካከለ።

አሁን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ስሌቱን ልጁ ፕሮሰስ ሠርቶ ለወላጁ በፓይፕ (በፕሮሰሶች መካከል ዳታ በሚያስተላልፍ ቧንቧ) እንዲልክ ፈለግኩ። ፓይፕ ከፈትኩ፣ ከዚያ ልጁን ለመፍጠር ፎርክን ጠራሁ። ልጁ ይጽፋል፣ የራሱን የመጻፊያ ጫፍ ይዘጋል፣ ይወጣል። ወላጁ ሪድ ዜሮ (የሚነበብ አልቋል ማለት ነው) እስኪመልስለት በዋይል ሉፕ ያነባል። 1.85 ይታተማል፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ጭጭ። ኮንትሮል ሲ ካልተጫንኩ አይወጣም። በዚህ ብርድ ሁለት ሌሊት አፍጥጬበታለሁ።

ወላጁ ውስጥ የመጻፊያ ጫፉን ለመዝጋት ክሎዝ አልጠራሁም። የሚጽፈው ልጁ ብቻ ስለሆነ አያስፈልግም ብዬ ነው። ችግሩ እዚያ ይሆን? የተስተካከለ ኮድ ብቻ አትላኩልኝ፤ ልጁ ከወጣ በኋላ ወላጁ ማንን እንደሚጠብቅ አስረዱኝ።