ከቃጫና ከማዳበሪያ ጆንያ የሠራነው ሰሌዳ ለምን አረፋ ይቋጥራል?

ጥያቄ፦ ከሽምብጥ

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አነስተኛ ወርክሾፕ አለኝ። ጎብኚዎችን ወደ ጣና ገዳማት የሚያመላልሱ ጀልባዎች ወለል ላይ የሚነጠፈው ኮምፔንሳቶ ውኃ እየጠጣ ቶሎ ስለሚላላጥ፣ በእሱ ፈንታ የሚሆን ሰሌዳ ከሲሳል ቃጫና ከፖሊፕሮፒሊን ከተሠራ አሮጌ የማዳበሪያ ጆንያ ለመሥራት እየሞከርን ነው።

በኤሌክትሪክ በሚሞቁ 40 በ40 ሴንቲሜትር በሆኑ ሁለት የብረት ሳህኖች መካከል የተቆረጠ ጆንያና የተበጠረ ቃጫ ተራ በተራ እንደረድርና በ20 ቶን የመኪና ክሪክ እንጫነዋለን። ከክብደቱ 30 በመቶው ቃጫ ነው። ሳህኑ 220 ዲግሪ ሲደርስ አምስት ደቂቃ አቆይተን፣ ቀጣዩን ለመጫን ስለምንቸኩል ገና ትኩስ ሳለ እናወጣዋለን። የሚወጣው ሰሌዳ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 560 ግራም ነው። ሲቆረጥ ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው፤ ቃጫው ጠቁሯል፤ ማዕዘኖቹ ወደ ላይ ይነሣሉ፤ ሲሰበር ደግሞ ቃጫው ፕላስቲኩን ሳይዝ ንጹሕ ሆኖ ይመዘዛል። ፕሬሱ ሲከፈትም ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ይወጣል። ዘዴውን ትተን ወደ ኢንጄክሽን ሞልዲንግ (የቀለጠ ፕላስቲክን በግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ማስገባት) ወይም ወደ ፋይበርግላስ (በፈሳሽ ማጣበቂያ የተያያዘ የመስታወት ክር) እንሂድ? የምታውቁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የፖሊ ግቢ

እህቴ፣ ዘዴው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው አያያዙ ነው። ለጀልባ የሚሠራው ፋይበርግላስ የሚጠቀመው ፖሊስተር ሬዚን የተባለ ማጣበቂያ ከመድረቁ በፊት እንደ ዘይት ስለሚፈስ በብሩሽ ብቻ በክሮቹ መካከል ይሰርጋል። ተርሞፕላስቲክ (እንደ ጆንያችሁ ሲሞቅ የሚቀልጥ ፕላስቲክ) ግን ቀልጦም ቢሆን ከዚያ በብዙ መቶ እጥፍ የወፈረ ስለሆነ፣ ቃጫው ውስጥ የሚገባው የሚጓዝበት መንገድ አጭር ሲሆን፣ ግፊት ሲያገኝና ጊዜ ሲሰጠው ብቻ ነው። እናንተ ሳታውቁት የያዛችሁት ስስ ፕላስቲክና ክር ተራ በተራ ደርድሮ በሙቀት መጫን፣ ይህንኑ ችግር ለመፍታት የተበጀ የታወቀ ዘዴ ነው። ኢንጄክሽን ሞልዲንግ የብረት ሞልዱ ውድ ከመሆኑም በላይ ፕላስቲኩን የሚገፋው የማሽኑ ጠመዝማዛ ቃጫውን ፈጭቶ ጥቂት ሚሊሜትር ያደርሰዋል፤ በሺዎች የሚቆጠር ትንንሽ ዕቃ ለሚያመርት ካልሆነ አይመከርም።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። የቃጫው እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.45 ግራም ገደማ፣ የፖሊፕሮፒሊን ደግሞ 0.9 ገደማ ስለሆነ፣ በእናንተ ድርሻ የተደባለቀው 1.02 ይሆናል። ሰሌዳው 640 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለሆነ 650 ግራም ያህል መመዘን ነበረበት። 560 ከመዘነ፣ ወደ 14 በመቶ የሚጠጋው አየር ነው ማለት ነው። ማንኛውንም ለውጥ ስታደርጉ በዓይን ከመገመት ይልቅ በዚህ ሒሳብ ተከታተሉት።

ክሪኩ 20 ቶኑን በ1,600 ካሬ ሴንቲሜትር ላይ ሲያሳርፍ በካሬ ሴንቲሜትር 12.5 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህም በቂ ነው። ነገር ግን ፕላስቲኩ ሲቀልጥ ድርድሩ ስለሚሳሳ ግፊቱ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ ክሪኩን በየጊዜው መጫን አለበት።

ሙቀቱ በዝቷል። ፖሊፕሮፒሊን 165 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ የዕፅዋት ክር ደግሞ ከ200 ካለፈ መጥቆርና መድከም ይጀምራል። ሳህኑን 190 ላይ ያዙት፤ ቀጭን ተርሞኮፕል (ሙቀት የሚለካ ሽቦ) በድርድሩ መካከል አስገብታችሁ መሐሉ 180 ሲደርስ ስምንት ደቂቃ ቁጠሩ። ከዚያ ማሞቂያውን አጥፍታችሁ፣ ግፊቱን ሳትለቁ፣ 60 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ። ፕላስቲኩ ሲረጋ ይኮማተራል፤ የታመቀው ቃጫም በትኩስነቱ ከተለቀቀ እንደ ስፕሪንግ ይመለሳል፤ የማዕዘኑ መነሣትና ከአረፋውም አንዱ ክፍል የሚመጣው ከዚህ ነው። መቸኮሉ ግድ ከሆነ፣ ሁለተኛ ቀዝቃዛ ፕሬስ ሠርታችሁ ሰሌዳውን በሁለት ስስ ቆርቆሮ መካከል ጭናችሁ ከነቆርቆሮው ወዲያው ወደዚያ አሻግሩት።

ሽታው ግን ከሁሉ በላይ አጠራጥሮኛል። ጆንያዎቹ ዩሪያ የነበረባቸው ናቸው? ሳይታጠቡ ነው የገቡት?

ከሽምብጥ፦

አዎን፣ አብዛኞቹ የዩሪያ ናቸው፤ አራግፈናቸው እንጂ አላጠብናቸውም። የውስጡን ስስ ላስቲክም አላወጣነውም፤ ያው ፕላስቲክ ነው ብለን ነበር።

መልስ፦ የፖሊ ግቢ

እንግዲያው ተገኘ። ዩሪያ 133 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ ከዚያ በላይ ሲሞቅ አሞንያ እየለቀቀ ይበታተናል፤ ዓይን የሚያቃጥለውም፣ ሰሌዳውን የሚበሳሳውም እሱ ነው። ዩሪያ በውኃ በቀላሉ ስለሚሟሟ ጆንያውን ሁለት ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ይበቃል። የውስጡ ላስቲክ ፖሊኢትሊን ነው፤ ከፖሊፕሮፒሊን ጋር አብሮ ይቀልጥ እንጂ አይዋሐድም፤ ስለዚህ ሰሌዳው በንብርብር እንዲላቀቅ ያደርገዋል። ሁለቱም ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፉ በኋላ መለየት ያስቸግራል፤ ጆንያው ሳይቆረጥ ላስቲኩን በእጅ መዝዞ ማውጣት ይሻላል። ፀሐይ የበላውን፣ በእጅ ሲሻሽ ዱቄት የሚሆነውን ጆንያም አትጠቀሙ። በሥራው ጊዜ በርና መስኮት ይከፈት።

መልስ፦ ፈታይ

በጨርቃ ጨርቅ ሙያ ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁ ስለ ክሩ ጥቂት ልጨምር። ቃጫ ደርቆ ቢታይም በተለይ በክረምት ከክብደቱ አሥር በመቶ ያህል እርጥበት ሊይዝ ይችላል። በአንድ ሰሌዳ 190 ግራም ያህል ቃጫ ካለ 19 ግራም ውኃ አብሮ ይገባል፤ አንድ ግራም ውኃ በዚያ ሙቀት እንፋሎት ሲሆን ከሁለት ሊትር በላይ ቦታ ስለሚፈልግ፣ ዩሪያው ቢታጠብም አረፋው አይቀርላችሁም። ቃጫውን በ105 ዲግሪ ሦስት አራት ሰዓት አድርቃችሁ፣ ከምድጃው እንደወጣ ቶሎ ጫኑት። አንድ ሌሊት ሜዳ ላይ ካደረ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ንጹሕ ሆኖ የሚመዘዘው ቃጫው ውኃ ወዳድ፣ ፖሊፕሮፒሊኑ ደግሞ እንደ ዘይት ውኃ ጠል ስለሆነ ነው። በፋብሪካ ሁለቱን የሚያስታርቅ ማሌይክ አንሃይድራይድ የታከለበት ፖሊፕሮፒሊን ጥቂት በመቶ ይጨመራል። እሱ ካልተገኘ፣ ቃጫውን 5 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ባለው ውኃ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ያህል ዘፍዝፎ በደንብ ማጠብ ሰሙንና ሙጫውን አንሥቶ ገጹን ሻካራ ያደርገዋል፤ እንደ መጀመሪያው ባይሆንም ይጠቅማል። ጓንትና የዓይን መከላከያ አይርሱ፤ በአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይዘፍዝፉ፤ ሶዳው ድስቱን እየበላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

የጆንያው ክር ሲመረት ተስቦ የተወጠረ ስለሆነ ሙቀት ሲነካው ተሸብሽቦ ቃጫውን አብሮ ይጎትተዋል። በቅድሚያ ጆንያውን ለብቻው ተጭናችሁ ስስ ገበታ ካደረጋችሁት በኋላ ከቃጫው ጋር ደርድሩት።

መልስ፦ ታንኳ ቀዛፊ

ቃጫ ከመግዛት ሐይቁን የሞላውን እንቦጭ ብትጠቀሙስ? ነቃዩም ይመሰገናል።

መልስ፦ ፈታይ

ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን እንቦጭ ከዘጠና በመቶ በላይ ውኃ በመሆኑ ከአንድ ጋሪ ጭነት ጥቂት ኪሎ ደረቅ ነገር ብቻ ይተርፋል፤ ክሩም ከሲሳል እጅግ የደከመ ነው። ለመሙያ ቢሆን እንጂ ሰው ለሚረግጠው ወለል አልመክርም። ደንገልም ቢሆን ታንኳ ላይ የሚያገለግለው ክሩ ጠንካራ ስለሆነ ሳይሆን ውስጡ አየር ስላለው ነው፤ እሱም በየጊዜው ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው ይከብዳል። ለእናንተም ሰሌዳ የሚያሰጋው ይኸው ውኃ ነው፤ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ የሚታየው የቃጫ ጫፍ ውኃ ስለሚስብ ጠርዙን በስስ ፖሊፕሮፒሊንና በጋለ ብረት ድፈኑት። ቀለምና ተራ ሙጫ በዚህ ፕላስቲክ ላይ አይይዙም።

ከሽምብጥ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ጆንያውን አጥበን፣ ላስቲኩን አውጥተን፣ ቃጫውን አድርቀን የጫንነው ሰሌዳ በዚያው ውፍረት 632 ግራም መዝኗል፤ ሽታውም የለም። ማቀዝቀዙ አንድ ሰዓት ከሩብ ስለሚፈጅ በቀን ከአምስት በላይ መሥራት አልቻልንም፤ ቀዝቃዛውን ፕሬስ አሁን እየበየድን ነው። ጠርዙ የተደፈነና ያልተደፈነ ሁለት ቁራጭ መዝነን በባልዲ የሐይቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈናል፤ ወሩ ሲሞላ መዝነን ውጤቱን እዚሁ እንጽፋለን።